የአለበል ቅጠል

እማማ እንቁ በሞቱ በወራቸው ባለቤታቸው አቶ ቢሆነኝ እሳት ላይ ወደቁ።

የሚጥለው በሽታ ስድስት ዓመት ሙሉ ትቷቸው ነበር። ያዳናቸው የዓባይ በረሃ ቅጠል መሆኑን በቡሬ ገጠር የማያወራ የለም። ቅጠሉን የሚያመጣው ጎረቤታቸው አለበል ነው። እማማ እንቁ በወር አንዴ ለደም ግፊታቸው ጤና ጣቢያ ደርሰው ሲመለሱ ከአለበል ቤት ይዘውት ይገቡና ራሳቸው ይወቅጡታል። «መድኃኒት ሌላ ሰው ከነካው ይረክሳል» እያሉ ሙቀጫውን ለማንም አያስነኩም ነበር። ክኒንማ አቶ ቢሆነኝ ድሮ አመድ ላይ በትነው፣ ዳግመኛ ላይውጡ ምለዋል።

አሁን የምትወቅጠው ልጃቸው ምሥራቅ ናት። እናቷ ያዘጋጁት ዱቄት ካለቀ ወዲህ አባቷ በሳምንት ሦስቴ ይወድቃሉ። ምሥራቅ ፈራች። የእናቷን ጥቁር ገና አላወለቀችም።

በዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ታጠና ስለነበር አንድ ነገር ማድረግ ትችላለች። ከእናቷ የመድኃኒት ቅል ውስጥ ተጣብቆ የቀረውን ዱቄት ፋቀች፤ የአለበልን አዲስ ቅጠልም ያዘች። የዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ገብታ ሁለቱንም በአልኮል ዘፈዘፈች፣ አጣራች፣ በውስጣቸው ያለውን አንድ በአንድ ለየች።

ከእናቷ ዱቄት ነጭ ክሪስታል ወጣ። ከአዲሱ ቅጠል ግን አልወጣም። አምስቴ ሞከረች፤ የለም።

ክሪስታሉን ምንነቱ እንዲታወቅ አዲስ አበባ ላከችና አለበል ቤት ሄደች።

«ጋሼ፣ ቅጠሉን ለምን ቀየሩት?»

«ኧረ በእመብርሃን! ከዚያው ከገደሉ ሥር ነው የቆረጥሁት።»

«አይዋሹኝ። አባቴን እየገደሉብኝ እኮ ነው!»

አለበል ዕንባው መጣ። በማግስቱ በረሃ ወርዶ፣ ከገደል ተንሸራቶ እግሩን ሰበረ። ጆንያ ሙሉ ቅጠል ግን በሰው ላከላት።

ከእሱም ነጩ ነገር አልወጣም። ምሥራቅ ጆንያውን በርግጫ አለችው። አለበልን ረገመችው።

ዓርብ ዕለት አባቷ ወድቀው አልነቃ አሉ። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሰቻቸው። ሐኪሙ ያዘዘውን ወረቀት ይዛ መድኃኒት ክፍሉ መስኮት ላይ እንደቆመች የአዲስ አበባው መልስ ስልኳ ላይ ገባ። ጮክ ብላ አነበበችው።

«ፌኖባርቢታል።»

መድኃኒት የምታድለው ናጂሃ ከመደርደሪያው ዞር አለች።

«እሱማ የአባትሽ ክኒን ነው፤ እማማ እንቁ በየወሩ እየመጡ ይወስዱላቸው አልነበር?»