መብራቱ ስምንት ሰዓት ይጠፋል

ሰማንያ አንድ ከመቶ ላይ ስክሪኑ ጨለመ።

ኤልሳ መጀመሪያ የጠረጠረችው ላፕቶፑን ነው። በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ቀና ስትል የጣሪያው ማራገቢያ እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ ቆመ። መብራት ሄዷል። የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል፤ ገመዱ ከተነቀለ ለአፍታም አይተነፍስም። የድሮውን ሲስተም አጥፍታ ሊኑክስ የሚባለውን አዲስ ሲስተም እየጫነችበት ነበር። የድሮው ጠፍቷል፣ አዲሱ ገና ገብቶ አላለቀም፤ እጇ ላይ የቀረው ባዶ ቆርቆሮ ነው።

«እማ! መብራት ስምንት ሰዓት ነው የሚጠፋው አላልሽኝም?»

እናቷ አሰፋች በረንዳው ላይ ሰሊጥ ታበጥራለች። ወንፊቷን ሳታስቀምጥ ወደ ፀሐይዋ አየች። «ታዲያ አሁን ስምንት ሰዓት አይደል?»

ኤልሳ ስልኳን አየችው። ሁለት ይላል።

አሰፋች ዕድሜዋን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ኖራ ሰዓት የምትቆጥረው ዛሬም እንደ አገሯ እንደ አርማጭሆ ነው። ልጇ ግን እዚሁ ተወልዳ በዐረብኛ የተማረች ናትና እንደ ሱዳኖቹ ትቆጥራለች። እናቷ ሰዓት በነገረቻት ቁጥር በሆዷ ስድስት መቀነስ የልጅነት ልማዷ ነው። የዛሬው ወሬ ግን ራክሻ የሚሉትን ባጃጅ የሚነዳው የጎረቤታቸው የሙዳሲር ነበር። የሱዳን ሰው ስምንት ካለ ማታ ነው ብላ ሳትቀንስ ተወችው። እናቷ ለካ ልጄ እንደ ልማዷ ትቀንሳለች ብላ ሙዳሲር ሁለት ያለውን ቀድማ ወደ አበሻ ስምንት መልሳው ኖሯል።

እና ፈተናው ዛሬ ነው። በአበሻ አሥር ሰዓት ላይ በኢንተርኔት ይከፈታል። ጦርነቱ ከካርቱም የበተነው ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ተማሪዎቹን አሁን በየተሰደዱበት ነው የሚፈትነው። ባለፈው የድሮው ሲስተም እየዞረ፣ እየዞረ ገጹን ሳይከፍትላት አንዱ ፈተና አምልጧታል። ይሄም ካመለጠ ዓመቱን ትደግማለች፤ ጦርነቱ ከበላባት ዓመታት ላይ ሌላ ዓመት።

ከሁሉም የሚያንገበግበው ግን ሌላ ነው። ጠዋት ጨርሳ መገላገል ትችል ነበር። «መብራቱ እስከ ማታ አለ» ብላ ሊኑክሱን ገና ሳትጭነው ከፍላሹ አስነስታ ስትጫወትበት ረፈደ፤ ቀለሙን አረንጓዴ፣ መልሳ ሰማያዊ፣ ፊደሉን ከፍ፣ ፊደሉን ዝቅ። ይሄ ትዝ ሲላት የባሰ በእናቷ ላይ ተናደደች።

«ይሄን ሁሉ ዘመን በሰው አገር ተቀምጠሽ አንድ ሰዓት መቁጠር ያቅትሽ?»

አሰፋች ወንፊቷን አስቀመጠች። «እኔማ ላንቺ ብዬ ነው የቆጠርኩት» አለች። ኤልሳ የተናገረችውን ወዲያው ጠላችው፣ ግን አልመለሰችውም።

ሙዳሲር ምሳውን ሊበላ ገብቶ ኖሮ ጩኸቱን በአጥር ሰማ። «ያ ኻልቲ፣ ኸይር? አክስቴ፣ ደህና ናችሁ?» ኤልሳ በዐረብኛ ነገሩን አስረዳችው። ሰውየው እንጀራ የያዘበትን እጁን እየጠረገ ራክሻውን እስከ ደጃፉ አስጠጋ። የሰፈሩን ስልክ ሁሉ ቻርጅ የሚያደርግበት ኢንቨርተር አለው፤ የራክሻውን ባትሪ ወደ ቤት መብራት የሚቀይር። ባትሪው እንዳይደክም ሞተሩ እየሠራ መቆየት አለበት። የአንዱ ሽቦ መያዣ ስለተሰበረ ሽቦውን በባትሪው ራስ ላይ እንደ ነገሩ ጠመዘዘው።

ኤልሳ የኋላው ወንበር ላይ ተቀምጣ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አደረገች። ፍላሹን ሰክታ ከመጀመሪያው ጀመረች። ቋንቋ፣ ሰዓት፣ ስም፣ የይለፍ ቃል፤ ያንኑ ሁሉ እንደገና። መስመሩ እየተንፏቀቀ መሄድ ሲጀምር ራክሻው ተንቀጠቀጠ፣ ሽቦው ሾለከ፣ ስክሪኑ ጨለመ።

«ወላሂ እወረውረዋለሁ!» አለች። እንባዋ መጣ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች አሰፋች፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወደ ራክሻው ገባች፤ ከነጂው ወንበር ሥር ተንበርክካ ሽቦውን በጣቶቿ ባትሪው ላይ ጫነችው። «በይ አስነሺው።»

ላፕቶፑ አርጅቷልና አይቸኩልም። ሙዳሲር አጥሩ ጥላ ሥር ምሳውን ጨረሰ፣ ሻይ ጠጣ፣ መጥቶ አየ፣ «ለሳ?» አለ፤ ገና ነው ወይ ማለቱ ነው። ገና ነበር። ካለቀም በኋላ፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፣ አዲሱ ሲስተም የላፕቶፑን ዋይፋይ አላውቀውም አለ። ኤልሳ ጥርሷን ነክሳ ስልኳን በገመድ አገናኘች። ኢንተርኔቱ በስልኩ በኩል ገባ።

ገጹ ተከፈተ። ስሟ አለ፣ የመታወቂያ ቁጥሯ አለ፣ ከሥሩ «ጀምር» የሚለው። አሥር ሰዓት ሊሆን ደቂቃዎች ቀርተዋል።

«ፈተናው ረጅም ነው፣ እማ። ክንድሽ ይዝላል። ሙዳሲር ይያዝልሽ።»

«እሱ እጁ አያርፍም። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

ኤልሳ ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች። አሥር ሰዓት ሞልቶ ስክሪኑ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ በራሱ መጣ፣ ጊዜውም መቁጠር ጀመረ። ቃሉን ዋጠችው፤ ጎንበስ ብላ ማንበብ ያዘች። እግሯ ሥር እናቷ ተንበርክካለች፤ ሞተሩ ትከሻዋን፣ ነጠላዋን፣ ሁለመናዋን ያርገፈግፈዋል፤ ሽቦው ላይ የተጫኑት ጣቶቿ ግን ንቅንቅ አይሉም።