መስኮቱን ማን ይዘጋዋል?

«እኅቴ፣ የቱን ላስጭንልሽ?»

ሻጩ ከቢር ዝናሽን ሲጠይቃት ሁለተኛ ጊዜው ነው።

ፊት ለፊቷ ሁለት የአየር ማቀዝቀዣ ቆሟል... እኛ ካርቱሞች ሙከይፍ የምንለው።

«ይኼ ስፕሊቱ ነው፤ ቤት ዘግተሽ ነው የምትከፍቺው፣ መብራት ግን ይበላል። ያኛው የውኃው ነው፤ መብራት አይፈጅም። ግን መስኮት ገርበብ ካላደረግሽለት ቤትሽን የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ሐማም ነው የሚያደርገው። ተማም፣ ገባሽ?»

«የውኃውን» አለች።

ለእሷማ ሁለቱም አንድ ናቸው... ባሏ ጌታሁን ከሞተ ወዲህ ሙቀቱም ብርዱም አይገባትም። ሰው «በርቺ» ሲላት «እሺ» ትላለች። በቃ።

የምትገዛው ለአማቷ ነው። እትዬ ማዘንጊያ ለልጃቸው ለቅሶ ከጎንደር መጥተው አብረዋት ቀሩ... የካርቱም ሙቀት ግን ጨረሳቸው።

ቤቱ ካልቀዘቀዘ አገራቸው መመለሳቸው ነው። ዝናሽም ብቻዋን መቅረቷ...

ሙከይፉ ኦምዱርማን ቤታቸው ተገጠመ።

ዝናሽ ዐማራት ሰፈር ሰው ቤት ሠርታ ትመጣለች፣ መስኮቱን ከፍታ ጋደም ትላለች... ስትነሳ ቤቱ ሐማም። መስኮቱ ጥርቅም።

«እማማ፣ ለሙከይፉ ነው እኮ፣ ክፍት ይሁን።»

«እሺ የኔ ልጅ።»

በማግስቱም ጥርቅም።

ጎረቤቷ ሉጥፊያ ሰምታ ሳቀች። «ወላሂ አሮጊቷ እልኸኛ ናቸው። ልጄን የበላው ይኼ የተቀመጥሽበት አገር ነው እያሉሽ ነው። መኪና ላይ አሳፍሪያቸው፣ ኸላስ፣ በቃ።»

ዝናሽ ለደላላው ደወለች።

«ካሣዬ፣ ለእማማ የመተማ መኪና ፈልግልኝ።»

ስለ ሽንኩርት የምታወራ ነበር የምትመስለው...

አርብ ከምሳ በኋላ የተኛች መስላ ዓይኗን ጨፈነች።

እትዬ ማዘንጊያ ቀስ ብለው ተነሱ... መስኮቱን ዘጉ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው የዝናሽን ደረት ሸፈኑበት። እሳቸው ላባቸው በአገጫቸው እየተንጠባጠበ አጠገቧ ቁጭ አሉ።

«እማማ... መስኮቱ ምን አደረገዎት?»

ክው አሉ።

«ስትተኚ ላብ ችፍ ይልብሻል። ጌታሁኔንም በላቡ ነፋስ መታው... ሐኪሞቹ ሳንባ ነው ይበሉ፣ የወለድኩት እኔ ነኝ። እሱን ወሰደብኝ። አንቺን አልሰጠውም።»

«እርስዎ እኮ በሙቀት ሊሞቱብኝ ነው።»

«እኔ ምን እሆናለሁ፣ የኖርኩ ሰው።»

ዝናሽ አላለቀሰችም... እንባው ገና አልመጣላትም። ስልኳን አንስታ «ካሣዬ፣ መኪናው ይቅር» ብቻ አለች።

ሄዳም መስኮቱን ከፈተችው።

እትዬ ማዘንጊያ መስኮቱን አዩ... ምራታቸውን አዩ። ከዚያ የራሳቸውን አልጋ እየጎተቱ አምጥተው በመስኮቱና በዝናሽ አልጋ መሃል አጋደሙት።

«በይ እንግዲህ... ነፋሱ መጀመሪያ እኔን አግኝቶ ይለፍ።»

ወገኖቼ... አንዳንድ ሰው እወድሻለሁ ማለት አያውቅበትም፣ መስኮት ይዘጋል። ያስቸገረን የሚመስለን ሰው እየጠበቀን ይሆናል። ከማሳፈራችን በፊት አንዴ «ለምን?» እንበል። ምላስ አያደክምም።

እስቲ መስኮት ዘጊ እናት ያላችሁ እጃችሁን አውጡ... ዝናሽን ብትሆኑ መስኮቱን ትከፍቱት ነበር፣ ወይስ ለእሳቸው ስትሉ ሙቀቱን ትችሉት?