የአባባ ክፍል ቧንቧ

ሻንቆ ከሃላሌ የተመለሰው ወገቡን ይዞ ነው። እዚያ ለወራት የውሃ መስመር ሲዘረጋ ከርሞ፣ ሶዶ ገብቶ በቅጡ ሳያርፍ ስልኩ ጮኸ። የደወለችው ሰርካለም ነበረች። ምድር ቤቷ ውስጥ ያለውን የእንፋሎት ቧንቧ እንዲጠቀልልላት ፈለገች።

ቤቱን ያውቀዋል። ሰርካለምና ባሏ ወንደሰን ከመኖሪያቸው ሥር፣ ቁልቁለቱን ተጠግቶ በተሠራው ምድር ቤት፣ ትንሽ ስቲም ባዝ ከፍተዋል። ቦይለሩን የተከለው ሻንቆ ራሱ ነው። አንዱን ቧንቧም ወደ ቤተሰቡ መታጠቢያ ሲያወጣ፣ በወንደሰን አባት መኝታ ቤት በኩል አሳልፎታል።

ሰው ቧንቧ የሚያስጠቀልለው ሙቀቱ እንዳይባክን ነው። ሰርካለም ግን ስለ ሙቀት አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

«ድምፅ እንዳይሰማ አድርገህ ጠቅልልልኝ» ነው ያለችው።

በሩን ስትከፍትለት ደነገጠ። ከስታለች፤ ዓይኗ ሥር ጠልቋል። ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ብርድ ስለከበዳት ይሁን በሌላ፣ የጥቁር ሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ስባዋለች። ወንደሰን እህል ሊገዛ ወደ በዴሳ ከተማ መሄዱን ነገረችው። ስቲሙም ተዘግቶ ሰንብቶ ገና በቅርቡ መከፈቱን ነገረችው። ሻንቆ ለምን እንደተዘጋ አልጠየቀም፤ እንጨት ጠፍቶ ይሆናል ብሎ አለፈው።

የጠየቀው ስለ ሽማግሌው ነው። የወንደሰን አባት፣ አባባ ይድነቃቸው፣ ግማሽ አካላቸው ደንዝዞ አንደበታቸው ከተያዘ ወዲህ አልጋ ላይ ናቸው። ሻንቆ ቦይለሩን በተከለ ጊዜ፣ በደህናው እጃቸው ከዘራቸውን ይዘው ቧንቧውን ሲያንኳኩ፣ ሰርካለምም የያዘችውን ጥላ ወደ ላይ ስትሮጥ አይቷል። ውሃ ሲጠማቸው ያንኳኳሉ። ሲበርዳቸው ያንኳኳሉ። ሌላ መናገሪያ አልነበራቸውም።

«አባባስ እንዴት ናቸው?»

«አሁንማ አርፈዋል» አለች፣ ደረጃ ደረጃውን እያየች።

ሻንቆ ድምፁን ቀነሰ። የመሣሪያ ቦርሳውንም ወለሉ ላይ ኮሽ ሳያደርግ አስቀመጠው።

ቦይለሩ ጠፍቷል። ቧንቧው ለእጅ እስኪመች ጠብቆ የመጠቅለያውን ፋይበር እየቆረጠ መጠቅለል ጀመረ። ብናኙ አንገቱን ያሳክከዋል፤ ጎንበስ ባለ ቁጥር ወገቡ ይነዝረዋል። ሰርካለም ደረጃው ግርጌ ተቀምጣ ታየዋለች።

ጥቂት እንደሠራ ከላይ ተንኳኳ። ኳ፣ ኳ። ከዚያ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ እንደገና ኳ።

ሰርካለም ብድግ አለች። ደረጃውን እስከ እኩሌታው ወጥታ ቆመች። ግንቡን ተደግፋ ትንሽ ቆየችና ተመልሳ ወርዳ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ እየተጣሩ ነው» አላት።

«ቧንቧው ነው።»

ቧንቧ ሲሞቅና ሲበርድ እንደሚንኳኳ ለሻንቆ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። ይኼኛው ግን የአባባ ማንኳኳት ነው፤ አንዴ ሰምቶታልና አይስተውም። ደግሞስ ቧንቧ ከሆነ እሷ ለምን ተነሳች?

ሥራውን ቀጠለ። እህቱ ገሱባ ከተማ አባታቸውን ስታስታምም አይቷል። በሽተኛ ማስታመም ጤነኛውን ሰው እንዴት እንደሚጨርሰው ያውቃል። በዚህ ሊፈርድባት አልፈለገም። ቢሆንም የአንድ ሽማግሌ አንደበት የሚዘጋው በእሱ እጅ ነው።

አሁንም ተንኳኳ። ሰርካለም ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች።

ወንደሰን ስለ ማንኳኳቱ ያውቅ እንደሆነ ጠየቃት። ያውቃል አለችው፤ ግን እሱ አብዛኛውን ጊዜ በዴሳ ስለሚያድር አይሰማም። የምትሰማው እሷ ናት። እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች፤ ዓይኗን ስትከድን እግሯ ቀድሟት ደረጃው ላይ ትገኛለች። ይህን ሁሉ ስትነግረው እንባ አልነበራትም፤ ድምፅዋም የሌላ ሰው ታሪክ የምታወራ ሰው ድምፅ ነበር።

የምድር ቤቱ ሲያልቅ፣ ተወው እንድትለው እየተመኘ፣ በአባባ ክፍል የሚያልፈውን ምን እንደሚያደርግ ጠየቃት።

«እሱን ነው እንዲያውም የምፈልገው። ደራርበህ ጠቅልለው» አለች። ከሹራቧ ኪስ ቁልፍ አውጥታ ዘረጋችለት። «ተቆልፏል። እኔ አልገባም። አንተ ግባ።»

ሻንቆ ቁልፉን ተቀበለ። የታመመ ሰው ይቆለፍበታል? ደረጃውን ሲወጣ አንድ ነገር ቆረጠ፤ ያንን ቧንቧ አይነካውም። ሽማግሌውን ያያቸዋል፣ ውሃ ይሰጣቸዋል፣ እዚያው ሆኖ ለወንደሰን ይደውላል። ወንደሰን አልሰማ ካለ ለጎረቤት ይናገራል። ከዚያ ወዲያ በዚህ ቤት ሥራ ባያገኝም ግድ የለውም።

በሩን በስሱ መታ መታ አደረገ።

«አባባ፣ እኔ ነኝ፣ ሻንቆ። የቧንቧ ሠራተኛው።»

ቁልፉን አዞረና ገባ።

አልጋው ተፈታትቶ ግድግዳ ተደግፏል። ፍራሹ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። መስኮቱ ላይ የአባባ ይድነቃቸው ፎቶ፣ ጥጉ ላይ ጥቁር ጥብጣብ ተደርጎበት ቆሟል።

ባዶው ክፍል ውስጥ ቧንቧው ተንኳኳ፤ ከታችም ሰርካለም «መጣሁ፣ አባባ» እያለች ደረጃውን ስትሮጥ ተሰማ።