የመርዕድ አዳዲስ ሕጎች

ሽማግሌው ከጓደኛው ከመርዕድ ጋር በጡረተኞች ማኅበር በረንዳ ላይ የቆርኪ ዳማ ሲጫወት ስድስት ዓመቱ ነው። ውድድሩ እስከ ሺህ ጨዋታ ነው። አሁን ግን ሰልችቶታል፤ የመርዕድ አዳዲስ ሕጎች ደግሞ ጭራሽ አንገፍግፈውታል።

መርዕድ መጀመሪያ፣ «የእኔ ቆርኪዎች ጥርሳቸው ወደ ላይ፣ ያንተ ወደ ታች ይሁን» አለ። ከዚያ፣ «ቆርኪዎቹን ሳንዳብስ አንጫወት» አለ። ዛሬ ደግሞ፣ «እርምጃችንን ጮክ ብለን እንናገር!»

«ልጆች ነን እንዴ?»

«እንዳይሰለቸን እኮ ነው፣ አንተ ነጭናጫ!»

ሽማግሌው ዛሬስ በቃኝ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ ተነሥቶ ደረጃው ጋ ደረሰ።

መርዕድ ወደ ባዶው ወንበር ፈገግ ብሎ፣ «ተጫወት እንጂ፣ ወንድሜ! ይሄን ያህል ምን ታስባለህ?» አለ።

ሽማግሌው ኮቴውን አጥፍቶ ተመለሰና ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሦስተኛዋን ወደ ቀኝ!» አለ፣ ጮክ ብሎ።