ጋሼ ባጫ ያፈኑት ቃል

ጋሼ ባጫ አውራ ጣታቸውን በምላሳቸው አርሰው የስልካቸውን መስታወት ሲገፉ ሮቤራ ፊቱን አዞረ። ሰውየው ስልክ እንደ ጋዜጣ የሚገለጥ ይመስላቸዋል። ምራቁ መስታወቱ ላይ ያብለጨልጫል።

የተሰበሰቡት ኮልፌ፣ የእድሩ ድስትና አግዳሚ በሚቀመጥበት ቤት ነው። ግማሹ አባል ወደ ቤቴልና አስኮ ተበትኗል፤ የእድሩ ጡሩምባ እዚያ አይሰማም። ስለዚህ እድሩ ድረ ገጽ ይኑረው ተባለ። ጋሼ ባጫ የእድሩ ዳኛ ናቸው። የእድሩ ድንኳን ለመጨረሻ ጊዜ የተተከለው ደግሞ ሮቤራ ደጅ ነው። ልጁ ኢሊሊ ሌሊቱን በትኩሳት ስትቃጠል አድራ፣ ሲነጋ ወደ ክሊኒክ ይዟት ሲሮጥ እቅፉ ውስጥ አለፈች።

ድንኳኑ ዘግይቶ መጣ፤ ያውም የተቀደደ። የሻጋታው ሽታ ለቀስተኛውን ያስነጥስ ነበር። ሮቤራ በሰው ፊት ጋሼ ባጫን ተናገራቸው። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ዓይን ዓይኑን አያዩትም።

የእትዬ አልማዜ ልጅ ርሆቦት በሦስት ዓይነት የድረ ገጽ መሥሪያ የሙከራ ገጽ ሠርታለች።

«ድሩፓል ጠንካራ ነው፤ ግን በተበላሸ ቁጥር ባለሙያ ይፈልጋል። ጁምላ ደግሞ መካከለኛ ነው...»

«ጅምላውን ተይው ልጄ፣ እኛ ችርቻሮ ነን» አሉ እትዬ አልማዜ። በርበሬ ሻጭ ናቸው።

ቤቱ ሳቀ። ሮቤራ አልሳቀም።

«ዎርድፕሬስ ቀላል ነው። በስልክ ይጻፍበታል። እማዬ እንኳን ትችለዋለች።»

«እንኳን ማለት ምንድን ነው አንቺ?»

ዎርድፕሬስ ተመረጠ። የእሱ የሙከራ ገጽ ላይ አስቀድሞ የኢሊሊ ፎቶ ወጥቷል፤ ከሥሩ ጎረቤት ሁሉ ማጽናኛ ጽፎበታል። ግን ጋሼ ባጫ ራሳቸው በጠየቁት መሠረት፣ እሳቸው አንብበው ያልፈቀዱት ጽሑፍ አይታይም። ሮቤራን የሚያቅለሸልሸው ይህ ነው። ሰው ለሞተ ልጅ የሚያለቅሰው በኚህ ሽማግሌ ምራቅ ታሽቶ ነው።

ሚስቱ ድንቅነሽ ከቀብሩ ወዲህ ሳሎን ከእናቷ ጋር ነው የምትተኛው። ቃል ከአፏ አይወጣም። ዛሬ ጠዋት ግን ወደ ግድግዳው እንደዞረች ተናገረች።

«እኔም ጽፌ ነበር። አልወጣም።»

«ምን ብለሽ?»

«ሲወጣ ታነበዋለህ።»

ሮቤራ ገባው። ስለ ድንኳኑ ነው። ሽማግሌው ስማቸው እንዳይነሳ የእናትን ቃል አፍነዋል። ለሚስቱ ሌላ የሚያደርግላት ነገር አላገኘም፤ ይህን ግን ያስወጣላታል።

«ጋሼ ባጫ፣ የሚስቴ ጽሑፍ የት አለ?» አለ ከአግዳሚው ተነስቶ።

ጋሼ ባጫ ስልካቸውን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። «ድንቅነሽ እንዴት ናት? ብቻዋን አትተዋት።»

«ጽሑፏን ነው የጠየቅኩዎት!»

«ልጄ፣ የተጻፈ ሁሉ አይነበብም።»

«ስለዚያ ቡትቶ ድንኳንዎ ስለሆነ ነዋ!»

ጋሼ ባጫ በስንጥር ጥርሳቸውን መጎርጎር ጀመሩ። ከዚያ ስንጥሩን አዩት፣ ሮቤራን አዩት።

«አዎ» አሉ። «ስለ ድንኳኑ ነው። አፍሬ ነው የያዝኩት።»

ቤቱ አጉረመረመ።

«ኧረ ነውር ነው!» አሉ እትዬ አልማዜ። «ያላስፈቀደ አያልቅስ ነው ነገሩ?»

ሮቤራ መሬት ላይ እንትፍ አለ።

«የዳኛ ፈቃድ የሚለውን ላጥፋው» አለች ርሆቦት። «ከዚያ ሰው የጻፈው ወዲያው ይወጣል።»

«ይጥፋ!» አለ ቤቱ። ከጋሼ ባጫ በቀር ሁሉም እጁን አወጣ።

«መልካም፣ ከዛሬ ወዲያ የሚጻፈው ይውጣ» አሉ ጋሼ ባጫ። «የተያዘው ግን ባለበት ይቅር። ዳኝነቱንም ውሰዱት። አንተ ልጅ፣ በኢሊሊ ይዤሃለሁ።»

«ስሟን አይጥሩት!» ሮቤራ ጮኸ። «ርሆቦት፣ የተያዘውን ሁሉ ልቀቂው! የእናቷን ቃል አገር ያንብበው!»

ርሆቦት ጋሼ ባጫን አየቻቸው። እሳቸው ስልካቸውን ዘግተው ኪሳቸው ከተቱት። ለቀቀችው።

ሁሉም የድንኳኑን ጉድ ሊያነብ ስልኩ ላይ አቀረቀረ። ሮቤራም የራሱን ከፈተ። ከልጁ ፎቶ ሥር አዲስ ጽሑፍ ወጥቷል።

«ማታውኑ ክሊኒክ እንውሰዳት ብዬ አባቷ እግር ላይ ወድቄ ለመንኩት። ‹ይነጋል› ብሎ ተኛ። ድንቅነሽ፣ የኢሊሊ እናት።»