አራተኛው ነጥብ

በ1976 ዓ.ም. ኅዳር፣ የቡና ለቀማው በተጧጧፈበት ሰሞን፣ በሳተላይት የተነሣ የጌዴኦ ፎቶግራፍ ከአዲስ አበባ ዲላ ደረሰ። ቅጠል የለበሰው ምድር ሁሉ ቀይ ሆኖ ወጥቷል። የአውራጃው ካድሬ ጓድ ደመላሽ ከመስኮቱ አጠገብ አስለጠፈውና አጨበጨበለት።

«አያችሁ? ከሰማይም ሲታይ ጌዴኦ ቀይ ነው!»

ንድፍ ሠሪው በዛብህ እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ ቅጠልን ቀይ አድርጎ እንደሚያሳይ ያውቃል። ግን ሦስት ጊዜ ሳያረጋግጥ አይናገርም፤ ሁለተኛው ላይ ሳለ ጭብጨባው አለቀ።

ሥራው ቀላል ነበር። ፎቶግራፉን አይቶ ለጋዜጣ ዜና የምትሆን ትንሽ ካርታ መንደፍ፤ መንገዱን፣ ወንዙን፣ ከተሞቹን። ዜናውን ያገኘው ደመላሽ ነው። ፎቶግራፉ ላይ ሦስት ጥቋቁር ነጥቦች አየ።

«የተደበቀ ቡና!»

በዛብህ አንዱን ነጥብ ለካ። ግማሽ ሚሊሜትር። በምድር ላይ ሲሰላ መቶ ሃያ አምስት ሜትር።

«ጓድ፣ ይህን የሚያህል መጋዘን በሲዳሞ ሁሉ የለም» አለ እየፈራ።

«ምን ያህል እንደ ዘረፉን ተመልከታ!»

ሦስቱም ቦታዎች ተፈተሹ፤ በሦስቱም ቡና ተገኘ። በጌዴኦ፣ ያውም በኅዳር፣ ቡና የሌለበት ጓዳ ፈልጉ ቢባሉ ነበር የሚቸገሩት።

በማግስቱ ጠዋት ነጥቦቹ አራት ሆኑ።

አራተኛው ወናጎ ላይ አርፏል። በዛብህ ማስመሪያውን ደጋግሞ አስቀመጠ፤ ከነጋዴው ከዘይኑዲን ግቢ ንቅንቅ አላለም። ዘይኑዲን፣ በዛብህ ተማሪ ሳለ እንደ ልጁ ያኖረው ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደመላሽ ለእኅቱ ሠርግ የጭነት መኪና ለምኖት እንቢ ብሎታል። የቢሮው ቁልፍ ያለው ደመላሽ እጅ ብቻ ነው። ከደረት ኪሱም ጥቁር እስክሪብቶ አይጠፋም።

«ጓድ፣ ትናንት ሦስት ነበሩ። ፎቶግራፍ አይወልድም።»

«ሳተላይት እንዳንተ ሲያንኮራፋ አያድርም! ጻፈው!»

ምናልባት ትናንት ቆጠራ ተሳስቼ ይሆናል፣ ብሎ አሰበ በዛብህ። ነጥቧን በካርታው ላይ በጥንቃቄ አሰፈራት። ካርታው በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ዘይኑዲን በሁለት ጠባቂዎች ታጅቦ መጣ። መስኮቱ ሥር ሲደርስ ቆም አለ።

«በዛብህ ልጄ፣ ከሰማይ ያየኝ ምንድን ነው? መልአክ ነው?»

«መሣሪያ ነው፣ ጋሼ።»

«ወላሂ ጉድ ነው! መሣሪያው የደመላሽን ቂም ማን ነገረው?»

ጠባቂዎቹ ሳቃቸውን ዋጡ። በዛብህ ግን አልሳቀም፤ ዘይኑዲን በማግስቱ ረፋድ ላይ አዋሳ ይላካል መባሉን ሰምቷል። አዋሳ የገባ ደግሞ ቶሎ አይመለስም።

በማግስቱ በዛብህ ከሁሉ ቀድሞ በሩ ላይ ቆመ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆርጧል፤ ነጥቡ የካድሬው እስክሪብቶ ሥራ መሆኑን ፊት ለፊት ያጋልጣል። ደመላሽ ከፍቶ ገባ፤ መስኮቱንም በረገደው። ከጎረቤት መፈልፈያ የሚመጣው የበሰበሰ የቡና ልጣጭ ሽታ ከነዝንቡ ቢሮውን ሞላው። ካድሬው ፎቶግራፉን ገና እንዳየ ጮኸ።

«አምስተኛ! ኢዲዶ ላይ! መኪና ይነሣ!»

«ቆይ ጓድ» አለ በዛብህ። «ይህ ቀለም ገና አልደረቀም።»

ደመላሽ ፊቱ ተለዋወጠ። በዛብህ እርጥበቱን ሊያሳየው ጣቱን ወደ ነጥቡ አስጠጋ።

ነጥቡ በረረ።