ያልተነበበው ስም

ቲቶ አምስት ስሞች አንብቦ ሲጨርስ ወይዘሮ ርብቃ አንገታቸውን ደፍተው መጸለይ ጀመሩ።

«እማማ፣ የጸሎት ርዕስ አይደለም» አላቸው። «የማስታወስ ፈተና ነው። የጠራሁትን መልሰው መጥራት ብቻ ነው።»

«ውይ ልጄ፣ የታመሙ ሰዎች መስለውኝ።» አምስቱንም ጠሩና «አቢጋኤል» ብለው ጨመሩ።

አቢጋኤል የቲቶ ልጅ ናት። ጠዋት ትኩሳት ይዟት ዱራሜ ትቷት መጥቷል፤ እዚህ ሆሳዕና ከተማ ግን ስሟን ለማንም አላነሣም። ስሙ በየቤቱ የሞላ ነው ብሎ «ትኩረት የላቸውም» ሲል ጻፈ። ለጥናቱ የሚመጡለትን ሰዎች ሁሉ በልቡ ይንቃቸው ነበር። ጭንቅላታቸው ወንፊት ነው፣ ምን ቢያፈሱበት አይዝም ይል ነበር።

ቀጥለው የገቡት የሀቢቾ መንደር ገበሬም አምስቱን ጠርተው «አቢጋኤል» አሉ።

ቲቶ ከንፈሩን አጣሞ ፈገግ አለ። «ውጭ ተነጋግራችኋላ።»

«ከማን ጋር? አንተው ነህ የጠራሃት። ያውም ድምፅህን ዝቅ አድርገህ።»

ሊያሳፍራቸው ፈልጎ ሲያነብ በስልኩ የቀዳውን ከፈተ። የገዛ ድምፁ አምስቱን ስሞች አነበበ፤ ጥቂት ዝም አለ፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ «አቢጋኤል» አለ።

ቲቶ እዚያው እንደ ተቀመጠ ሚስቱ ጋ ደወለ። ስልኩን ያነሡት ጎረቤታቸው ጋሽ ለማ ነበሩ።

«ምንም የለም ቲቶ» አሉት። «ብቻ አሁኑኑ ተነሥተህ ና።»